ሥዕልና ቃል የተጣሉበት ወረቀት

ሟቹ የሞተው መመሪያ ጥሶ አይደለም፤ አክብሮ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዳሳየው የቀኙን እጀታ ወደ ታች ሳበና በሩ እስኪከፈት ቆሞ ጠበቀ። በሩ አልተከፈተም። በምትኩ የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ከጣሪያው እየፏጨ ወርዶ የክፍሉን አየር ገፍቶ አስወጣው። ጋዙ ከተለቀቀ በሩ ከውስጥም ከውጭም ለዐሥር ደቂቃ አይከፈትም፤ እሳቱ ታፍኖ እንዲጠፋ ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን እሳት አልነበረም።

መርማሪዋ የደረሰችው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሃምሳውን ያለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወፍጮ» ይሏታል፤ የገባላትን ሳታደቅ አትለቅም ለማለት ነው። ስሙን ታውቀዋለች፣ ቅር አላላትም። ከዚህ የባሰ የወጣላቸው አለቆች ሞልተዋል።

ሕንፃው ለጀማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍት የሚዘጋጁበት ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው። ሟቹ የቤቱ ዳይሬክተር ነበር። ሬሳው የተገኘው ምድር ቤት፣ የመጻሕፍቱ ዋና ሥዕሎች በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ በሩም ሰው እንደገባ ራሱን ይቆልፋል። ባለፈው ሳምንት ለጥገና ተዘግቶ በውስጥ በኩል ሁለት እጀታ ተገጠመለት። የግራው በሩን ይከፍታል፣ የቀኙ ጋዙን ይለቃል። ሁለቱም ግራጫ ናቸው። «ቀለሙ በኋላ ይቀባል» ብሎ የሄደው ሠራተኛ፣ «በኋላ» የሚባለው ሰዓት እስካሁን አልደረሰለትም።

ከእጀታዎቹ በላይ ወረቀቱ አለ። ግማሹ ጽሑፍ ነው፦ «ለመውጣት የግራውን እጀታ ወደ ታች ይሳቡ። የቀኙን አይንኩ፤ ጋዝ ይለቃል።» ግማሹ ሥዕል ነው፦ ሰማያዊ የሥራ ጋዋን የለበሰ ሰው የቀኙን እጀታ ሲስብ፣ ከአጠገቡ ወደ ታች የሚያሳይ ቀስት።

የፖሊስ አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገሩ ግልጽ ነው። ቃሉ ትክክል፣ ሥዕሉ ስህተት። ሥዕሉን የሳለችው የሟቹ ልጅ ናት፤ እዚሁ ነው የምትሠራው። ስድስት ሰዓት ላይ ይዣት እሄዳለሁ።»

«አባቷን ገደለች ብለህ?»

«ሆን ብላም ይሁን በቸልተኝነት፣ ሰው ሞቷል። ራሷም አልካደችም።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች መርማሪዋ ጉልበቷን እያሻሸች። «እስከ ስድስት ሰዓት ስጠኝ። ወረቀቱ በእጃቸው ያለፈ ሰዎችን አንድ ክፍል አስገባና ቆልፍባቸው።»

ወረቀቱ በእጃቸው ያለፈው አራት ናቸው፦ ሥዕሉን የሠራችው ሰዓሊ፣ ቃሉን የጻፈው ወጣት ጸሐፊ፣ ያረመው አራሚ፣ ያተመው አታሚ። አዛዡ የቆለፈባቸው ሁለተኛ ፎቅ ባለው መሞከሪያ ክፍል ነው። አንድ ገጽ መጽሐፍ ሆኖ ከመውጣቱ በፊት ተማሪዎች እዚህ ይቀመጡና ገጹ ይሰጣቸዋል፤ ዓይናቸው የት እንደሄደ፣ ምን እንደገባቸው ይጠየቃሉ። ዓይን ወደ ውጭ እንዳይሸሽ ተብሎ ክፍሉ መስኮት አልተሠራለትም። ግድግዳው ላይ የዳይሬክተሩ ሕግ በትልልቁ ተጽፏል፦ «ሥዕልና ቃል አንድ ገጽ ላይ ይደሩ።» የቤቱ ሰው ሁሉ በዚህ ይስቃል፣ ሁሉም ይታዘዘዋል። ሥዕሉ እዚህ፣ ቃሉ ገጽ ተገልጦ እዚያ ከሆነ፣ ተማሪው በመሃል መንገድ ይደክመዋልና።

መርማሪዋ ከአጠገቡ ያለችውን ጠባብ ቢሮ ያዘችና መጀመሪያ ሰዓሊዋን አስጠራች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗ አብጧል፤ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ጨብጣ ይዛዋለች፣ እንዳያመልጥ የምትጠብቀው ይመስል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሳትቀመጥ። «ይውሰዱኝ።»

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ለመታሰር ምን አስቸኮለሽ? ተቀመጪ። ሥዕሉን እንዴት ሠራሽው?»

«የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሠራተኛ እጀታው ጋ አቆምኩትና እያየሁት ሳልኩ።»

«የትኛውን እጀታ ይዞ?»

«ግራውን።» ዓይኗን ጨፈነች። «ግራውን ይመስለኛል። ከጠዋት ጀምሮ ዓይኔን ስጨፍን ግን ቀኙን ሲስብ ነው የሚታየኝ። አሁን ምኑንም አላውቅም።»

«ዋናው ሥዕል የት አለ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ፈለግሁት፣ የለም።»

«ከአባትሽ ጋር ሰላም ነበራችሁ?»

ልጅቷ በሹክሹክታ መለሰች። «ከትንሽነቴ ጀምሮ ቁራጭ ወረቀት እየጻፍኩ ኪሱ ውስጥ እከትለታለሁ። ያነበዋል፣ ይመልስልኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ የልባችንን የምናወራው እንደዚያ ነበር። ሁለት ዓመት ሆነው ግን መልስ የለም። ‹አባባ አነበብከው ወይ?› ስለው ‹አዎ› ይልና ፊቱን ያዞራል። ምን እንዳስቀየምኩት ሳላውቅ ሞተብኝ። አሁን ደግሞ…» እጇን አየችውና ዘረጋችላት። «ይህ እጅ ነው የገደለው። ይህን እያወቅሁ እንዴት እኖራለሁ?»

መርማሪዋ የተዘረጋላትን እጅ ያዘችና ቀስ ብላ ጉልበቷ ላይ መለሰችላት።

ሁለተኛ የገባው ጸሐፊው ነው። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ስለማይሆንለት የቤቱ ሰው «ባለቅኔው» ይለዋል። ከሟቹ ጋር በየሳምንቱ ይጣላ እንደነበር ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ገጽ ሙሉ እጽፋለሁ፣ ሁለት መስመር ያስቀሩልኛል። ይህችን የግድግዳ ወረቀት እንኳ አሥራ ሁለት መስመር አድርጌ ነበር ያቀረብኳት።»

«በአሥራ ሁለት መስመርማ ጋዙ አንብበህ ሳትጨርስ ይደርስብሃል» አለች መርማሪዋ። «አንድ ነገር ንገረኝ። ቃልና ሥዕል ሲጣሉ ሰው ማንን ያምናል?»

ወጣቱ ነቃ አለ። «ሲስማሙ አንዱ ሌላውን ይደግፋል፤ ተማሪው ቶሎ ይገባዋል፣ ቶሎም አይረሳም። ሲጣሉ ግን ረጋ ያለው ቃሉን አንብቦ ‹ይህ ነገር አይገጥምም› ይላል። የቸኮለው ሥዕሉን ያምናል። ዳይሬክተሩ ራሳቸው እዚህ ክፍል አርባ ተማሪ አስቀምጠው ሞክረውታል። ሠላሳ አንዱ ሥዕሉን ተከተሉ።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር።»

«ስለ እጀታዎቹ ለእናንተ የነገራችሁ አለ?»

«ትናንት ሁላችንም እየገባን ተለማምደናል። ዳይሬክተሩ ብቻ ሐኪም ጋ ሄደው ነበር። ቀጠሯቸውን የሚይዝላቸው ጋሽ መነጽር፣ አራሚው ነው። ወረቀቱም የተለጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ክፍሉ ተከፈተ፤ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ የገቡት እሳቸው ናቸው።»

አታሚው ወፍራም፣ ጣቶቹ በቀለም የጠቆሩ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ተቀመጠና ከጥያቄ በፊት መልስ ሰጠ።

«እኔ የተፈረመበትን አትማለሁ። ተገልብጦ ከተፈረመ ተገልብጦ ይታተማል። ይኸው!»

የሙከራ ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ያው ቃል፣ ያው ሥዕል። ከጽሑፉ አጠገብ የአራሚው ቀይ ምልክት፣ ከታች የዳይሬክተሩ ፊርማ በሰማያዊ ቀለም። አታሚው ከጋዋኑ የግራ ደረት ኪስ እርሳስ መዘዘና ፊርማውን ነካ ነካ አደረገው። መርማሪዋ ኪሱን አየች፣ ከዚያ ሥዕሉን አየች፣ ከዚያ እንደገና ኪሱን አየች።

«ምን ሆነ?» አለ አታሚው ደረቱን እየዳሰሰ።

«ምንም። ጋዋኑ ለሁላችሁም አንድ ነው?»

«ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ነው። ላንዱ ይሰፋል፣ እንደ እኔ ላለው ይጠባል።»

«ገጹ የሚቀናበረው የት ነው?»

«ሁላችንም የምንሠራበት አዳራሽ ባለው ኮምፒውተር። ቁልፍ የለው፣ ምን የለው።»

«ዳይሬክተሩ ስህተት ያመልጣቸው ነበር?»

«እሳቸውን?» አታሚው ሳቀ፤ ሰውየው መሞቱ ትዝ ሲለው ሳቁን ዋጠ። «ነጠላ ሰረዝ አታመልጣቸውም። ቀስቱ ከቃሉ አይስማማም፣ ቁጥሩ ከሥዕሉ ራቀ፣ የዚህኛው ሰው ጣት ወደሌላ ይጠቁማል… በየገጹ ነው የሚይዙት። እሳቸው ይናገራሉ፣ ጋሽ መነጽር በቀይ ይጽፋል። የሁለት ዓመቱ ሁሉ መደርደሪያቸው ላይ አለ። ይህን እንዴት እንደፈረሙ ግን አልገባኝም።»

«እኔም አልገባኝም» አለች መርማሪዋ። ከጠዋት ጀምሮ ደስ ያላት ይህን ስትል ብቻ ነው፤ ያልገባት ነገር ሲገኝ የሚላመጥ ተገኘ ማለት ነውና።

መጨረሻ የገባው ጋሽ መነጽር ነው። ስድሳ ዓመት የተጠጋው፣ ቀጭን፣ አለባበሱ የተስተካከለ፣ ንግግሩ የታረመ ሰው። የመነጽሩ መስታወት እንደ ጠርሙስ ቂጥ ይወፍራል። ከመቀመጡ በፊት ለመርማሪዋ ወንበር ሳበላት።

«ልጅቷን እንዳታስጨንቋት» አለ። «የወጣትነት ስህተት ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ማለፍ ይሻላል።»

«ስህተቱን እርስዎም አላዩትም?»

«እመቤቴ፣ እኔ የቃል ሰው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ፊደል ስለቅም ኖሬያለሁ። ሥዕል የማንበብ ለማይችል መደለያ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ቃሉ ልክ ነበር፣ ምልክቴን አደረግሁ። ሥዕሉን ልብ ብዬ አይቼው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«በየጠዋቱ ለዳይሬክተሩ ጮክ ብለው ያነቡላቸው ነበር ይባላል።»

«ዓይን ያመለጠውን ጆሮ ይይዘዋል ይሉ ነበር።»

«መነጽር የሚለውን ስም ማን አወጣልዎት?»

«እሳቸው ናቸው።»

«መቼ?»

ትንሽ አሰበ። «ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው።»

«መነጽር ያደረጉትስ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው» አለና፣ ምን አገናኘው በሚል ዓይን አያት። መርማሪዋም ምንም እንዳላገናኘው ሰው አመስግና አሰናበተችው።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ወደ ሟቹ ቢሮ ወጣች። የሰው ክፍል ስትፈትሽ መጀመሪያ የባለቤቱ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ለጉልበቷም ያሻታል፣ ሰውየው ያየውንም ታያለች። ከወንበሩ ሆና ያየችው፣ ቆሞ የገባ ሰው የማያየውን ነው። እያንዳንዱ መሳቢያ ከውስጥ በኩል ትንሽ ሥዕል ተለጥፎበታል፦ ማኅተም፣ ቁልፍ፣ የክኒን ጠርሙስ። በስልኩ ሥር ያለው ዝርዝር ላይ ስም የለም፤ ከየቁጥሩ አጠገብ ፊት ተስሏል። አንዱ ወፍራም መነጽር አለው።

ሦስተኛው መሳቢያ ላይ ሁለት ሹሩባ ያላት ትንሽ ልጅ ተስላለች። ስትከፍተው በክር የታሰሩ ቁራጭ ወረቀቶች አገኘች። እጥፋታቸው አልቆ ሊበጠስ ደርሷል፤ ሺህ ጊዜ የተዘረጉ፣ ሺህ ጊዜ የታጠፉ ናቸው። መርማሪዋ አላነበበቻቸውም። ክሩን መልሳ አሰረችና ጥቂት ጊዜ ጭኗ ላይ ይዛቸው ቆየች።

መደርደሪያው ላይ የሁለት ዓመቱ የሙከራ ቅጂዎች ተደርድረዋል። ቀይ ጽሑፉን ብቻ እየተከተለች ገለበጠች። በሥዕልና በቃል መካከል የተያዘው አለመግባባት ሰማንያ ስድስት ሆነ።

ጠረጴዛው ላይ ማስታወሻ ደብተር ነበር። እስከ ዛሬ ሁለት ዓመት ድረስ ቃል የሞላበት፣ ከዚያ ወዲህ ሥዕል ብቻ። የመጨረሻው ሥዕል ወፍራም መነጽር ነው፤ በላዩ ረጅም መስመር ተሰምሮበት፣ ከጎኑ የተከፈተ በር። መርማሪዋ ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን አርጥባ ገጹን ገለበጠች። በጀርባው ያገኘችውን ጊዜው ሲደርስ እንናገራለን፤ አሁን የሚነገረው ካየችው በኋላ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እንደጠረገች ነው። ከዚያ ዝርዝሩ ላይ የልብ ማዳመጫ ያንጠለጠለ ፊት ወደተሳለበት ቁጥር ደወለች። ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ያህል ነገራት።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ አዛዡ ካቴናውን ይዞ መሞከሪያ ክፍሉ ገባ። በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አራቱ በተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አየሩ ከብዷል፤ ከጠዋት ጀምሮ የተነፈሱትን መልሰው ነው የሚተነፍሱት። ሰዓሊዋ ካቴናውን ስታይ ሁለት እጇን አንድ ላይ አጋጥማ ዘረጋች።

«እጅሽን መልሺ» አለቻት መርማሪዋ። «ሁላችሁም ደረታችሁን ተመልከቱ። ኪሳችሁ በየት በኩል ነው?»

«በግራ» አለ አታሚው።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ኪስስ?» ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

ባለቅኔው ብድግ አለ። «በቀኝ! ተገልብጧል! መስታወት ውስጥ እንዳለ ሰው!»

«ከተማርክ ወዲህ አጭር የተናገርከው ይህን ሳይሆን አይቀርም። ልጄ፣ አንቺ እያየሽ ነው የሳልሽው፤ ኪሱን በቦታው፣ እጀታውንም በቦታው ሳልሽ። ከእጅሽ ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ሥዕሉን ግራና ቀኙን ገለበጠውና ዋናውን ከመሳቢያሽ ወሰደው። ያንቺ እጅ ልክ ነበር።»

ሰዓሊዋ ፊቷን በሁለት መዳፏ ሸፈነች። አለቀሰች። መርማሪዋ እስኪወጣላት ጠበቀቻት፤ አዛዡ እንኳ ሰዓቱን አላየም።

«ማን ገለበጠው?» አለ አዛዡ ቆይቶ። «ኮምፒውተሩ ክፍት ነው ተብሏል።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ሥዕሉ የተገለበጠው ከፊርማው በፊት ነው፤ የተፈረመበት ቅጂም ያው ነው። እንግዲህ ገዳዩ ወጥመዱን ያቀረበው ለራሱ ለሟቹ ነው፤ ‹አይተህ ፈርምልኝ› ብሎ። ነጠላ ሰረዝ አታመልጠውም የሚባል ሰው ፊት ይህን የሚያቀርብ ማን ነው? አታሚው አይደፍርም፣ ይያዝብኛል ይላል። ባለቅኔውም፣ ሴት ልጁም እንደዚያው። የሚደፍረው ሟቹ ስህተቱን እንደማያየው አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ለምን አያየውም?» አለች ሰዓሊዋ ቀና ብላ።

መርማሪዋ ከፊት ለፊቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አባትሽ ማንበብ አይችሉም ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ትንሽ የደም መርጋት አንጎላቸውን ነክቶታል። ይናገራሉ፣ ያስባሉ፣ ሥዕልና ፊት ይለያሉ፤ ፊደል ግን ለዓይናቸው ጭረት ሆነባቸው። አፍረው ደበቁት። ወረቀቶችሽን አስቀምጠዋቸዋል፤ እጥፋታቸው እስኪያልቅ ነው የዘረጓቸው። ማንበብ አልቻልሁም ማለት አቃታቸው እንጂ አላስቀየምሻቸውም።»

በክር የታሰረውን ጥቅል አቀበለቻት። ልጅቷ ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ «አባባ» ብቻ አለች።

«ታዲያ ሰማንያ ስድስቱን ስህተት ማን ያዘው?» መርማሪዋ አሁን ማንንም አላየችም። «ማንበብ የማይችል ሰው ቃሉ ከሥዕሉ መጣላቱን አያውቅም። ለማወቅ ቃሉንም ማንበብ፣ ሥዕሉንም ማየት ያስፈልጋል። ያን የሚያደርገው ከጎናቸው ተቀምጦ የሚያነብላቸው ሰው ብቻ ነው። ሥዕል አላይም ያሉኝ ጋሽ መነጽር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሥዕል አላመለጥዎትም። ይህ ብቻ እንዴት አመለጠዎት?»

ጋሽ መነጽር የጋዋኑን ቁልፍ ያስተካክል ነበር። «ሰው አንድ ቀን ይደክመዋል።»

«ይደክመዋል። የደከመው ሰው ግን ሁሉም ልምምድ በሚያደርጉበት ሰዓት ለአንዱ ብቻ የሐኪም ቀጠሮ አይዝም። ወረቀቱ ለሁሉ ተለጥፏል፤ የሌሎቹ እጅ ግን ለምዶታል። አንባቢው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ከሥዕሉ በቀር የሚያነበው የለውም። ሲያስፈርሟቸውም ቃሉን ከሥዕሉ ጋር አስማምተው፣ ‹የቀኙን ይሳቡ› ብለው ነው ያነበቡላቸው።»

ሰዓሊዋ ወደ አራሚው ዞረች። «ጋሼ?» አለች። «ጋሼ፣ አይደለም በሉኝ እንጂ።»

ይህን አልቻለውም። ከታረመ ንግግሩ ውስጥ ሌላ ሰው ወጣ።

«ሁለት ዓመት!» አለ። «ሁለት ዓመት ዓይኑ ሆኜ! ቤቴ ሄጄ አልተኛ፣ ታምሜ አልቀር፣ ለማንም አልናገር! እኔ ያየሁትን እሱ አየ ተባለ፤ እኔ ያረምኩት በእሱ ስም ወጣ። መውጫ የሌለው ጉድጓድ ነበር! ተሸከምኩት። አንድ ቀን ‹ይህ ሰው ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር› ይላል ብዬ ተሸከምኩት። ባለፈው ሳምንት ደብተሩ ላይ ምን አየሁ? መነጽር፣ በላዩ ስርዝ፣ ከጎኑ በር! ሰረዘኝ! አገልግዬ ሳበቃ በሩን አሳየኝ!»

«ገጹን ገልብጠውት ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ምን ላገኝ? ከፊደል ከተፋታ ሁለት ዓመቱ!»

«ማንበቡን ነው ያጡት። ሐኪማቸው የዛሬ ሦስት ወር ብዕር ሲሰጧቸው ሙሉ መስመር ጻፉ፤ የጻፉትን መልሰው ማንበብ ግን አልቻሉም። እጅ ያልረሳውን ዓይን ረሳው ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ይለማመዱ ነበር።» ደብተሩን ከፍታ ሥዕሉን አሳየችው፤ ከዚያ ገጹን ገለበጠችና ከፊቱ አኖረችው። «ዕድሜ ልካቸውን ሥዕልና ቃል አንድ ገጽ ላይ ይደሩ ሲሉ ኖረው፣ አንድ ቀን ሥዕሉን ፊት ለፊት፣ ቃሉን ጀርባው ላይ አደረጉት። ያንብቡልን። ማንበብ የእርስዎ ሥራ ነው።»

ጋሽ መነጽር ጎንበስ አለ። የጽሑፉ መስመር ይወጣል ይወርዳል፣ የልጅ እጅ ይመስላል። ከልማድ የተነሣ ድምፁን አጥርቶ ጀመረ።

«‹ለቦርዱ። ይህን የጻፈው እጄ ነው፤ ዓይኔ ሊያነበው አይችልም። ስህተት ቢኖረው የሚያርመውን ሰው ታውቁታላችሁ። ሁለት ዓመት መነጽሬ ሆኖ የኖረው ወዳጄ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ መነጽር አይደለም። የመጻሕፍቱ አዘጋጅ እሱ ነው፤ ስሙ ከስሜ በላይ ይጻፍ። ወንበሬም የእሱ ነው…›»

ድምፁ ተቆረጠ። መነጽሩን አወለቀና በጋዋኑ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው። ቀሪዋ አንድ መስመር ተኩል ነበረች።

«‹በእኔ ኩራት ምክንያት ታስሮ ኖሯል። በሩን ክፈቱለት።›»

አዛዡ ካቴናውን ሲያጠልቅለት እጁን ራሱ አቀረበ። ወደ በሩ ወሰደው፤ በሩ እንደተቆለፈ ነው። አዛዡ ቁልፉ የት እንደገባ የጠፋው ይመስል ኪሱን ይዳብሳል። ማንም ከወንበሩ አልተነቃነቀም።

ሰዓሊዋ የወረቀቶቹን ጥቅል ይዛ ቆመች።

«አባቴ ያለውን አልሰማችሁም?» አለች። «ክፈቱለት።»

አዛዡ ቁልፉን አገኘና በሩን ከፈተ።